በዋሽንግተን ዲሲ የዞኒንግ ፈቃድ ሲከለከል ይግባኝ የሚባለው እንዴት ነው? ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ ለምግብ ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለማኅበር አዳራሽ ወይም ለመኖሪያ ቤት ማስፋፊያ ከዞኒንግ ደንቡ፣ ማለትም በየቦታው ምን ዓይነት ሕንፃና አገልግሎት እንደሚፈቀድ ከሚወስነው የከተማው ደንብ፣ የተለየ ፈቃድ ጠይቀው ለተከለከሉ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ይግባኝ ገና ከበሩ የሚመለሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ቀኑ አልፏል፣ ወይ አቤቱታው ሥልጣን ለሌለው አካል ቀርቧል። ስለዚህ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 2ን ደብዳቤው በደረሰዎት በዚያው ዕለት ይፈጽሙ፤ ቀሪዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

ቦታው በእርግጥ በዲሲ ወሰን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ የሞንትጎሞሪ ካውንቲ፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በቨርጂኒያ የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለእነርሱ አይሠራም። በቨርጂኒያ የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ውሳኔ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የሚወሰድ ሲሆን፣ ቅጹም ሆነ መመዘኛው የተለየ ነው። የዲሲ ጎረቤትዎ ያሸነፈበትን ወረቀት ገልብጠው ለአሌክሳንድሪያ አያቅርቡ።

የሚከተሉትን በአንድ አቃፊ ያሰባስቡ፦ የክልከላው ደብዳቤ ወይም ኢሜይል የደረሰበትን ቀን ከሚያሳይ ማስረጃ ጋር፤ ያስገቡት ማመልከቻና የሕንፃ ንድፍ፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል፤ ከከተማው ሠራተኞች ጋር የተለዋወጧቸው ኢሜይሎች በሙሉ፤ እንዲሁም ለከተማው ምክር የሚሰጠው የሰፈር ኮሚሽን (ኤኤንሲ) የጻፈው ደብዳቤ ካለ እርሱ። በስልክ የተነገረዎት ነገር ካለ መቼና ማን እንደ ነገረዎት በአንድ ገጽ ላይ አሁኑኑ ይጻፉ፤ ከሦስት ወር በኋላ ቢጠየቁ አያስታውሱትም።

በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም ከሚያስተናግዷቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚውን ከስብሰባው ቀን ቀደም ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። የዘመድ ልጅ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ስለ ተናገረ ብቻ በቃለ መሐላ የሚሰጥ ምስክርነትን ያስተረጉምልኛል ብለው አይተማመኑ፤ ቃል በቃል የሚመዘገበው እርሱ ያለው እንጂ እርስዎ ያሰቡት አይደለም።

## ደረጃ 1፦ የከለከለዎት ማን እንደ ሆነ ይለዩ

የወረቀቱን ራስጌና ፊርማ ይመልከቱ። ከሦስት ዓይነት ወረቀቶች አንዱን ያገኛሉ።

ሀ. የዞኒንግ አስተዳዳሪው ውሳኔ። ይህ የሚመጣው ከሕንፃዎች መምሪያ ነው። የግንባታ ፈቃድዎን ወይም በተለምዶ ‘ሲ ኦፍ ኦ’ የሚባለውን የሕንፃ መጠቀሚያ ምስክር ወረቀት ጠይቀው ‘ደንቡ አይፈቅድም’ ከተባሉ ወረቀትዎ ይህ ነው። ይህን ሥራ ቀድሞ ይሠራ የነበረው፣ ዲሲአርኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ለሁለት ስለ ተከፈለ፣ ጓደኛ ያቀበለዎትን የድሮ ቅጽና አድራሻ አይጠቀሙ። ቀጣይ መንገድዎ ደረጃ 5 ነው።

ለ. የዞኒንግ ቦርዱ ትእዛዝ። ቢዜድኤ የሚባለው ይህ ቦርድ አምስት አባላት አሉት፤ ሦስቱን ከንቲባው የሚሾማቸው ሲሆን፣ አንዱ ከዞኒንግ ኮሚሽን፣ አንዱ ደግሞ ከብሔራዊ መዲና ፕላን ኮሚሽን የሚመጡ ናቸው። ፈቃድ ለመስጠት ቢያንስ የሦስት አባላት ድምፅ ያስፈልጋል። ቫሪያንስ (ደንቡ ከሚፈቅደው ውጭ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ) ወይም ስፔሻል ኤክሴፕሽን (ደንቡ ራሱ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅደው ነገር) ጠይቀው፣ ጉዳይዎ ተሰምቶ ውድቅ ከሆነ፣ ወረቀትዎ ይህ ነው። ቀጣይ መንገድዎ ደረጃ 6 እና 7 ነው።

ሐ. የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኑ የተቃውሞ ደብዳቤ ወይም የፕላን ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት። ብዙ ሰው ኤኤንሲ የሚባለው የሰፈር ኮሚሽን ድምፅ ሰጥቶ ሲቃወመው ‘ተከለከልኩ’ ብሎ ይተወዋል። ኮሚሽኑ የሚሰጠው ምክር ብቻ ስለ ሆነ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም፤ ጉዳይዎን በቦርዱ ፊት ይቀጥሉ፣ ለተነሡት ተቃውሞዎችም በጽሑፍ መልስ ያዘጋጁ።

## ደረጃ 2፦ ቀኑን ይቁጠሩ

መቁጠሪያው እንደ ወረቀቱ ይለያያል።

1. የዞኒንግ አስተዳዳሪው ውሳኔ ከሆነ፣ ውሳኔውን ካወቁበት ወይም ማወቅ ከሚገባዎት ቀን ጀምሮ፣ ቀድሞ የመጣው ተወስዶ፣ 60 ቀን አለዎት።
2. የቦርዱ ትእዛዝ ከሆነና ቦርዱ ራሱ ዳግም እንዲያየው ከፈለጉ፣ የጽሑፉ ትእዛዝ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን አለዎት።
3. የቦርዱን ትእዛዝ ወደ ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመውሰድ 30 ቀን አለዎት። የዳግም እይታ ማመልከቻ በጊዜው ካስገቡ፣ የ30 ቀኑ መቁጠሪያ እንደገና የሚጀምረው ቦርዱ ያንን ማመልከቻ ወስኖ ሲያሳውቅ ነው።

ለምሳሌ ትእዛዙ የወጣው ማርች 3 ቀን 2025 ቢሆን፣ የዳግም እይታው የመጨረሻ ቀን ማርች 13፣ የፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ኤፕሪል 2 ይሆናል። እነዚህን ቀኖች በግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ለራስዎ ግን ከእያንዳንዱ አምስት ቀን ቀንሰው ይያዙ። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የበዓል ቀን ላይ ሲውል ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን የሚገፋ ቢሆንም፣ በዚህ ላይ ተስፋ ጥለው አያቅዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ 60 ቀን ሁለት ወር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ካልገባችበት ሁለት ወር ማለት 60 ቀን ማለት ስለ ሆነ፣ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይገባብናል። ጁላይ 1 ቀን የደረሰዎት ውሳኔ 60ኛው ቀን ኦገስት 30 ነው፤ ሴፕቴምበር 1 የሄደ ሰው ዘግይቷል ሊባል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይፈልጉ። የዲሲ ደንብ የዞኒንግ አስተዳዳሪውን ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔው መጀመሪያ በተገለጸበት ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው ይላል። በማርች ወር በኢሜይል ‘ይህ አጠቃቀም በዚህ ዞን አይፈቀድም’ ተብለው፣ በጁን ወር ማኅተም ያለበት መደበኛ የክልከላ ወረቀት ቢደርስዎት፣ ሁለተኛው ወረቀት ውሳኔውን ካልቀየረው በስተቀር ቀኑ የተቆጠረው ከማርች ጀምሮ ነው። ‘ዋናው ደብዳቤ እስኪመጣ ልጠብቅ’ ማለት በዚህ ከተማ መብትን በገዛ እጅ ለይርጋ መስጠት ነው።

በቦርዱ በኩል ነገሩ ይገለበጣል። አባላቱ ረቡዕ ዕለት በስብሰባ ላይ ድምፅ ሰጥተው ‘ውድቅ ነው’ ቢሉም፣ መቁጠሪያው የሚጀምረው የጽሑፉ ትእዛዝ ሲወጣ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ያንን ጊዜ ለደረጃ 3 ይጠቀሙበት እንጂ አይተኙበት፤ ትእዛዙ መውጣቱንም በየሳምንቱ በመዝገቡ ላይ ይከታተሉ።

## ደረጃ 3፦ መዝገቡን በሙሉ ያውጡ

የዲሲ የዞኒንግ ጽሕፈት ቤት አይዚስ በሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ የእያንዳንዱን ጉዳይ ሰነዶች ያስቀምጣል። በጉዳይ ቁጥርዎ ይግቡና ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ትእዛዝ ያሉትን ሰነዶች ሁሉ፣ የሰነድ ቁጥራቸው እንደ ተጠበቀ፣ ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱ። የስብሰባውን ቪዲዮና የቃለ ጉባኤውን ጽሑፍም ይጨምሩ። ኢንተርኔቱ ከከበደዎት ጽሕፈት ቤቱ በ441 ፎርዝ ስትሪት ኖርዝዌስት፣ በ200 ደቡብ ቢሮ ይገኛል።

ከዚያ ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከቱ። የቦርዱ አባላት ያነሷቸውን ጥያቄዎች፣ እርስዎ የሰጡትን መልስና ተቃዋሚዎች ያሉትን ከነደቂቃው ይጻፉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ሊዘለል አይችልም፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ የሚያየው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። በቦርዱ ፊት ያልተነሣ ክርክር በፍርድ ቤት እንደ ተተወ ይቆጠራል፤ በመዝገቡ ውስጥ ያልገባ ፎቶግራፍም እንዳልነበረ ነው።

አንድ አስፈላጊ ሰነድ አስገብተው በመዝገቡ ላይ ካጡት፣ የላኩበትን ኢሜይልና የደረሰኝ ማረጋገጫ አያይዘው ለዞኒንግ ጽሕፈት ቤቱ ወዲያውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ።

## ደረጃ 4፦ ትእዛዙን ከመመዘኛው ጋር ያስተያዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይስጡት። ቫሪያንስ ለማግኘት በዲሲ ሕግ ሦስት ነገሮች በአንድነት መረጋገጥ አለባቸው።

አንደኛ፦ በንብረቱ ላይ ያለ የተለየ ሁኔታ። የመሬቱ መጥበብ፣ ማጠር፣ ቅርጹ፣ አቀማመጡ ወይም ሌላ ከጎረቤት ቦታዎች የሚለየው ነገር መኖር አለበት። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ስለ ቦታው እንጂ ስለ ባለቤቱ አይደለም። ‘ቤተሰቤ ሰፋ’፣ ‘ደንበኛ በዛ’፣ ‘ኪራይ ተወደደ’ የሚሉት ምክንያቶች የቱንም ያህል እውነት ቢሆኑ ይህን መመዘኛ አያሟሉም። ሕዝብን የሚያገለግል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ግን ትንሽ ሰፋ ያለ በር አለው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1979 በሞናኮ መዝገብ በሰጠው ውሳኔ የእንዲህ ያለ ድርጅት የሥራ ፍላጎት ከግምት ሊገባ እንደሚችል ተቀብሏል። የመረዳጃ ማኅበር ከሆናችሁና ቦርዱ ይህን ክርክር አንሥታችሁ ሳያየው ካለፈ፣ ይህ ጠንካራ የይግባኝ ነጥብ ነው።

ሁለተኛ፦ ከዚያ ሁኔታ የመነጨ ችግር። የችግሩ መጠን የሚለካው በጠየቁት የፈቃድ ዓይነት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1972 በፓልመር መዝገብ እንደ ለየው፣ የጠየቁት የልኬት ከሆነ፣ ማለትም የጓሮ ስፋት፣ የሕንፃ ከፍታ ወይም ሕንፃው ከመሬቱ የሚሸፍነው መጠን ከሆነ፣ ደንቡን በጥብቅ መፈጸም ‘ተግባራዊ ችግር’ እንደሚያስከትል ማሳየት ይበቃል። የጠየቁት የአጠቃቀም ለውጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ በመኖሪያ ዞን ውስጥ ምግብ ቤት ለመክፈት፣ እጅግ የከበደውን ‘ያልተገባ ጉዳት’ ማረጋገጥ ይኖርብዎታል፤ ይህም ቦታው ዞኑ ለሚፈቅደው ጥቅም በአግባቡ ሊውል እንደማይችል ማሳየት ማለት ነው። ቦርዱ በልኬት ጉዳይ ላይ የአጠቃቀሙን መመዘኛ ተጠቅሞ ከሆነ የሕግ ስሕተት ነው። ‘ችግሩን ራስህ ፈጠርከው’ የሚለውም ምክንያት የአጠቃቀም ጥያቄን ሊያስጥል ሲችል፣ የልኬት ጥያቄን ግን ብቻውን አይጥልም።

ሦስተኛ፦ በሕዝብ ጥቅምና በዞን ዕቅዱ ላይ ጉልህ ጉዳት አለመኖሩ። የጎረቤት ድጋፍ ደብዳቤዎች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። አንድ መቶ ፊርማ ሰብስበው የመጀመሪያውን መመዘኛ ለማሟላት ያቀረቡ ሰዎች አሉ፤ ፊርማው ግን መሬቱን ጠባብ አያደርገውም።

አሁን ትእዛዙን ያትሙና በሦስት ቀለም ያስምሩ፦ ለእያንዳንዱ መመዘኛ አንድ ቀለም። ከዚያ ከሚከተሉት ስሕተቶች የትኛው እንዳለ ይፈልጉ።

- ክርክር በተደረገበት ዋና ነጥብ ላይ ቦርዱ ምንም የፍሬ ነገር ግኝት፣ ማለትም ከማስረጃው ተነሥቶ ‘እውነቱ ይህ ነው’ ያለበትን ነጥብ፣ አለማስፈሩ።
- በመዝገቡ ውስጥ በቂ ማስረጃ የሌለው ግኝት መኖሩ።
- ግኝቱና መደምደሚያው አለመያያዛቸው።
- ከላይ እንደ ተገለጸው በተሳሳተ መመዘኛ መሥራቱ።
- የሰፈር ኮሚሽኑ በጽሑፍ ያቀረባቸውን ነጥቦች በዝርዝር አለማስተናገዱ። ሕጉ ለኮሚሽኑ አስተያየት ‘ትልቅ ክብደት’ እንዲሰጠው ያዛል። ቦርዱ የኮሚሽኑን ሐሳብ እንዲከተል አይገደድም፤ ለምን እንደ ተቀበለው ወይም እንዳልተቀበለው ግን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ኮሚሽኑ ደግፎዎት ትእዛዙ ስለ ድጋፉ አንድ መስመር ብቻ ካሰፈረ፣ ይህን ያስምሩበት።

ከእነዚህ አንዱንም ካላገኙ ለራስዎ እውነቱን ይንገሩ። ‘ቦርዱ አድልቷል’፣ ‘ለሌላው ፈቅደው ለእኔ ከለከሉ’ የሚለው ስሜት በመዝገቡ ላይ በማስረጃ ካልተደገፈ ዋጋ የለውም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘቡን ለአዲስ ንድፍና ለአዲስ ማመልከቻ ማዋል ይሻላል።

በተጨማሪም ያመለከቱት ትክክለኛውን ዓይነት ፈቃድ መሆኑን ይመርምሩ። ከ2016ቱ የዞኒንግ ደንብ ወዲህ፣ የመኪና ማቆሚያ ቁጥር ማነስን የመሳሰሉ ጉዳዮች በስፔሻል ኤክሴፕሽን ይስተናገዳሉ። የዚህ መመዘኛ ቀላል ነው፦ ጥያቄው ከደንቡ ዓላማ ጋር መስማማቱንና ጎረቤትን አለመጉዳቱን፣ ለጉዳዩ የተቀመጡ ልዩ ቅድመ ሁኔታዎች ካሉም እነርሱን ማሟላቱን ማሳየት ይበቃል። ቫሪያንስ ጠይቀው የወደቁት ነገር በስፔሻል ኤክሴፕሽን የሚያልፍ ከሆነ፣ ይግባኙን ትተው እንደገና ማመልከት ሳይሻል አይቀርም።

## ደረጃ 5፦ የዞኒንግ አስተዳዳሪውን ውሳኔ ለቦርዱ ይግባኝ ማለት

በመጀመሪያ ይህን ጥያቄ ይመልሱ፦ አስተዳዳሪው ደንቡን ተሳስቶ ነው ያነበበው፣ ወይስ በትክክል አንብቦት እኔን ስለ ጎዳኝ ነው? ተሳስቶ ከሆነ ይግባኝ በቅጽ 125 ያቅርቡ። በትክክል አንብቦት ከሆነ ይግባኙ ይወድቃል፤ በቅጽ 120 ቫሪያንስ ወይም ስፔሻል ኤክሴፕሽን ይጠይቁ። ሁለቱም ክርክሮች ካሉዎት ሁለቱንም ያዘጋጁ፤ አንዱን እስኪጨርሱ ሌላውን ማቆየት የ60 ቀኑን ገደብ አያቆመውም።

1. ቅጽ 125ን ይሙሉ። ይግባኝ የሚሉበትን ጽሑፍ ቀን በትክክል ይጥቀሱ፤ ቅጂውንም ያያይዙ።
2. በአስተዳዳሪው ተጣሰ የሚሉትን የደንብ አንቀጽ በቁጥሩ ይጥቀሱ። ‘ውሳኔው ፍትሐዊ አይደለም’ ብሎ መጻፍ ብቻ የይግባኝ ምክንያት አይሆንም።
3. በራስዎ ስም ካልቀረቡ ወኪልዎ የሚናገርበትን የጽሑፍ ውክልና ያያይዙ። በቦርዱ ፊት ወኪሉ ጠበቃ መሆን አይጠበቅበትም።
4. በአይዚስ በኩል ያስገቡ፤ ማስገባትዎን የሚያረጋግጠውን መልእክት ያትሙ።
5. ለሕንፃዎች መምሪያና ለሰፈር ኮሚሽኑ ቅጂ ያድርሱ፤ ያደረሱበትን ማስረጃ በመዝገቡ ላይ ያስገቡ።

በስብሰባው ዕለት ስለ ደረሰብዎት ኪሳራና ስለ ሰፈሩ ፍቅር አይናገሩ። በዚህ ዓይነቱ ይግባኝ የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ሲሆን፣ ጥያቄውም አንድ ብቻ ነው፦ አስተዳዳሪው ደንቡን ሲተረጉም ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም? የደንቡን ቃል አንብበው፣ ንድፍዎን አሳይተው፣ ስሕተቱ የት እንዳለ አመልክተው ያብቁ።

## ደረጃ 6፦ ቦርዱ ዳግም እንዲያየው መጠየቅ

ይህ በ10 ቀን ውስጥ የሚቀርብና የቦርዱን የገዛ ስሕተት ለቦርዱ የሚያሳይ ማመልከቻ ነው። የሚያስፈልገው ግልጽ የሆነ፣ በአንድ አንቀጽ ሊጠቆም የሚችል ስሕተት ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ትእዛዙ የመሬቱን ስፋት አሳስቶ ከጻፈ ወይም የሰፈር ኮሚሽኑን የድጋፍ ደብዳቤ ጨርሶ ካልጠቀሰ።

በማመልከቻው ላይ ትእዛዙ የተሳሳተበትን እያንዳንዱን ነጥብ፣ ምክንያቱንና የሚጠይቁትን መፍትሔ ለይተው ይጻፉ። ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ ከፈለጉ ደግሞ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሊቀርብ ይችል ያልነበረ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ አለብዎት። ‘ረስቼው ነው’ ወይም ‘ያን ጊዜ መሐንዲስ አልቀጠርኩም ነበር’ የሚለው አይበቃም። በመዝገቡ ላይ ተከራካሪ ለነበሩት ሁሉ በዚያው ዕለት ቅጂ ያድርሱ።

ዳግም እይታው በ11ኛው ቀን ከገባ ሁለት ጉዳት አለው፦ ማመልከቻው ራሱ ይወድቃል፤ የፍርድ ቤቱን የ30 ቀን ገደብም አላቆመም። ስለዚህ 10ኛው ቀን ካመለጠዎት ይህን ደረጃ ትተው በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ይለፉ።

## ደረጃ 7፦ ወደ ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሄድ

የቦርዱ ትእዛዝ በቀጥታ የሚሄደው በ430 ኢ ስትሪት ኖርዝዌስት ወደሚገኘው ወደ ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። ሱፒሪየር ኮርት ወደሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አይሂዱ፤ እዚያ ተሰልፈው የሚያጠፉት ቀን ከ30ው የሚቀነስ ነው።

1. ጠበቃ ይያዙ። ግለሰብ በራሱ ስም ራሱን ወክሎ መቅረብ ይችላል። ኩባንያ፣ ማኅበር ወይም በድርጅትነት የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ግን በፍርድ ቤት የሚቀርበው በጠበቃ ብቻ ነው። በቦርዱ ፊት የተናገሩት የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ሊፈርሙ አይችሉም። ለጠበቃ ክፍያ አቅም ለሌላቸው አነስተኛ ንግዶችና ለትርፍ ላልቆሙ ማኅበራት የዲሲ ጠበቆች ማኅበር የነጻ አገልግሎት ማዕከል የምክር አገልግሎት ይሰጣል፤ ትእዛዙ ሳይወጣ፣ ድምፁ በተሰጠ ሳምንት ይደውሉ።
2. የግምገማ አቤቱታውን ያስገቡ። አቤቱታው አጭር ነው፦ አቤት ባዩ ማን እንደ ሆነ፣ መልስ ሰጪው የዞኒንግ ቦርዱ መሆኑን፣ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ቀን እንደ ወጣ ይገልጻል። የትእዛዙን ቅጂ ያያይዙ። ዝርዝር ክርክሩ በኋላ በጽሑፍ ክርክር የሚቀርብ ስለ ሆነ፣ ‘ክርክሩ ተጽፎ አላለቀም’ ብለው አቤቱታውን አያዘግዩ።
3. ቅጂ ያድርሱ። ለቦርዱ፣ ለከተማው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትና በመዝገቡ ላይ ተከራካሪ ለነበሩት ሁሉ።
4. መዝገቡን ያረጋግጡ። ቦርዱ ለፍርድ ቤቱ የሚልከውን የሰነዶች ዝርዝር በደረጃ 3 ካወረዱት ጋር ያመሳክሩ። የጎደለ ካለ በጽሑፍ ያስጠይቁ።
5. የጽሑፍ ክርክሩን በደረጃ 4 ባገኟቸው ስሕተቶች ላይ ብቻ ይገንቡ። ሁለት ጠንካራ ነጥቦች ከዘጠኝ ደካማ ነጥቦች ይበልጣሉ።

ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ራሱ ይሰጠኛል ብለው አይጠብቁ። የሚመረምረው ቦርዱ ሕጉን መከተሉንና ግኝቱ በቂ ማስረጃ ያለው መሆኑን ነው፤ ስሕተት ካገኘ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ጉዳዩን ወደ ቦርዱ መመለስ ነው። ይህ ሁሉ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ኪራዩ ግን በየወሩ ይቆጠራል። ከአከራዩ ጋር ስለ ኪራይ ቅናሽ ወይም ውል ስለ ማፍረስ የሚያደርጉትን ንግግር ከይግባኙ ጋር ጎን ለጎን ያስኬዱ።

## አንድ ደረጃ ሲበላሽ

የ60 ቀኑ ገደብ ካለፈ፦ ቦርዱ ጊዜውን ሊያራዝም የሚችለው መዘግየቱ ከአቅምዎ በላይ በሆነና አስቀድሞ ሊገመት በማይችል ልዩ ምክንያት የተከሰተ ከሆነና ሌላውን ወገን የማይጎዳ ከሆነ ብቻ ነው። የሆስፒታል መዝገብ ካለዎት ያያይዙ። ‘እንግሊዝኛ አልገባኝም’ የሚለው ብቻውን የሚያዋጣ ምክንያት አይመስለኝም። ምክንያት ከሌለዎት በቅጽ 120 አዲስ ማመልከቻ ያቅርቡ፤ ይህ በር በቀን ገደብ አልተዘጋም።

አዲስ ማመልከቻ ለማቅረብ ከወሰኑ፦ የወደቀውን ንድፍ እንዳለ ይዘው አይመለሱ። ትእዛዙ የተቃወመውን ነገር ለይተው ይቀይሩ፤ ፎቁን ያሳንሱ፣ የቆሻሻ ማስቀመጫውን ከጎረቤት መስኮት ያርቁ፣ የመዝጊያ ሰዓቱን ያስቀድሙ፤ በማመልከቻው መግቢያ ላይም ምን እንደ ተቀየረ በዝርዝር ይጻፉ። ከማስገባትዎ በፊት ወደ ሰፈር ኮሚሽኑ ስብሰባ ይሂዱ። ማስታወቂያው ተለጥፎ ጎረቤት ከተቆጣ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ብዙ ያደክማል።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ከሆናችሁ፦ በ2000 የወጣው የፌዴራል የሃይማኖት ተቋማት የመሬት አጠቃቀም ሕግ፣ አንድ ከተማ በዞኒንግ ምክንያት በእምነት አፈጻጸም ላይ ከባድ ጫና እንዳያሳርፍና የሃይማኖት ጉባኤን ሃይማኖታዊ ካልሆነ ጉባኤ አሳንሶ እንዳያይ ይከለክላል። ይህን ክርክር ግን በቦርዱ ፊት በጽሑፍ ያንሡት፤ ለፍርድ ቤት ያቆየ ሰው ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

ተቃዋሚ ጎረቤት ተከራካሪ ለመሆን ካመለከተ፦ ቅጽ 140 የሚባለውን ማመልከቻውን አንብበው ከሌላው ነዋሪ በተለየ የሚጎዳ መሆኑን አሳይቶ እንደ ሆነ ይመርምሩ። ካላሳየ ይቃወሙ። እንደ ተራ ምስክር ግለሰብ 3 ደቂቃ፣ ድርጅት 5 ደቂቃ ሲሰጠው፣ ተከራካሪ ወገን ግን መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል፣ ይግባኝም ይላል።

## የተከለከለው የዝግጅት ፈቃድ ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ ለሰልፍ፣ ለባዛር ወይም ለበዓል አከባበር ለሚጠየቅ የዝግጅት ፈቃድ አይሠራም። በመጀመሪያ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ይለዩ። ናሽናል ሞልና ሜሪዲያን ሂል ፓርክ በፌዴራል ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ስለ ሆኑ የከተማው መልስ አይመለከታቸውም። በእነዚህ ቦታዎች ለሰላማዊ ሰልፍ የቀረበ ማመልከቻ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተከለከለ እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል፤ የበዓል ዝግጅት ወይም የሙዚቃ ድግስ ግን በዚህ ደንብ አይጠቀምም።

በከተማው መንገድ ላይ ሊደረግ የታሰበ ሰላማዊ ሰልፍ ከተከለከለ፣ በ2004 የወጣው የዲሲ የመሰብሰብ መብት ሕግ ከዝግጅቱ ቀን በፊት ለከንቲባው ይግባኝ ማለትን ይፈቅዳል፤ ከንቲባው ወይም ተወካዩም ሰልፉ ከሚጀመርበት ሰዓት በፊት በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ስለዚህ ይግባኙን በደረሰዎት ዕለት ያስገቡ፤ የሰልፉን ቀንና ሰዓት በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉ። ‘ተቃዋሚዎች ስለሚመጡ የጥበቃ ወጪውን እናንተ ክፈሉ’ ከተባሉ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በፎርሳይት ካውንቲ መዝገብ በተመልካች ቁጣ ግምት ላይ የተመሠረተ ክፍያን እንደ ሻረ ይጥቀሱ።

ለዓውደ ርእይ፣ ለመንገድ ላይ ባዛር ወይም ለበዓል አከባበር ከሆነ፣ ክልከላው የመጣው ከጎደለ ሰነድ መሆኑን መጀመሪያ ያጣሩ፤ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ፣ የትራፊክ ዕቅድ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መዳረሻ በንድፉ ላይ መኖራቸውን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የጎደለውን አሟልተው በማግስቱ ይመለሱ። ቀኑ ከቀረበ ደግሞ የመንገዱን ርዝመት በግማሽ የቀነሰና ሰዓቱን ያሳጠረ ሁለተኛ ንድፍ አብረው ይዘው ይሂዱ፤ ባለሥልጣኑ በመጀመሪያው ላይ ‘አይሆንም’ ካለ ሁለተኛውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያኑሩለት።